«ሥዕል ይበላል እንዴ?»
አሰላ ያለችው እናቴ ለዕድር ሳትከፍል ያለፈ ወር የለም። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ለአንድ የሥዕል ሙዚየም ገንዘብ እለምናለሁ (ካርዴ «የለጋሾች ግንኙነት ኃላፊ» ይላል፤ ያው ነው!)። ባለፈው አንድ የበቆጂ ስንዴ ነጋዴ ደብዳቤዬን አይተው «የኔ ልጅ፣ ሥዕል ይበላል እንዴ?» አሉኝ። ጋዜጠኝነት ተምሬ መልስ አጣሁ!

ማታ ስድስት ኪሎ ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1968 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ወዳጆች ማኅበር በሰበሰበው ገንዘብ ለሙዚየሙ ሥዕሎችና መስቀሎች ይገዛ ነበር፤ ቅርሶቹ ተሸጠው ከአገር እንዳይወጡ። ይሄ እኮ ዕድር ነው! እኔ ግን አንድ ትልቅ ቼክ ስጠብቅ ከረምኩ...

ለእናቴ ደወልኩላት። «እማ፣ በወር ሃያ ብር ለሥዕል ትሰጫለሽ?»

ዝም አለች። ቆይታ፣ «ደረሰኝ አለው?» አለችኝ።

ሰኞ ማተሚያ ቤት እሄዳለሁ።