የመቅደላ አገርና የሊቅነት ክብር

ልጃቸውን ወደ ትልቅ ትምህርት ቤት የሚሰዱ ወላጆች ሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ስመ ጥሩው የቱ ነው?» የሚለው ነው። ጥያቄው የተገባ ነው። ነገር ግን ያ መልካም ስም ከምን እንደሚገኝ፥ በምንም እንደሚጠፋ መርምሮ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። እኛም ይህን ለመመርመር አንባቢዎቻችንን ይዘን ከደሴ በስተ ምዕራብ ወዳለው ደጋ፥ ወደ ማሻና ወደ መካነ ሰላም አገር ለመሄድ አሰብን። ስለ ዩኒቨርሲቲ ክብር ለመነጋገር ስለ ምን ወደ ደጋ ገጠር እንወጣለን የሚል ቢኖር፥ ጥቂት ቢታገሠን መልሱን ከመንገዱ ላይ ያገኘዋል።

ከደሴ ወጥቶ ጉጉፍቱን ያለፈ መንገደኛ ብርዱ ሲቀበለው ጋቢውን ይደርባል። ምድሩ ገብስና ስንዴ፥ ባቄላም የሚበቅልበት ሰፊ ሜዳ ነው፤ የበግ መንጋም ከዓይን አይጠፋም። ሜዳው ግን እስከ መጨረሻው ሜዳ ሆኖ አይዘልቅም፤ በድንገት ይቈረጥና ገደል ይሆናል። ወደ ሰሜን የበሽሎ ሸለቆ፥ ወደ ምዕራብም የዓባይ ሸለቆ አገሩን እንደ ቅጥር ይዘውታል። በመካነ ሰላም በኩል ደግሞ ደንቆሮ የተባለው ጫካ አለ፤ በዚያም ደጋ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ይገኛሉ። እነዚህ ሁለቱ ከኢትዮጵያ ምድር በቀር በሌላ አገር በዱር የማይገኙ እንስሳት ናቸው።

የቦታዎቹ ስም ራሱ የሚያስተምረው ነገር አለው። መካነ ሰላም የግዕዝ ቃል ነው፤ ትርጓሜውም የሰላም ቦታ ማለት ነው። ቱሉ አውሊያ የተባለው ከተማ ደግሞ ቱሉ ሲል በኦሮምኛ ኰረብታ፥ አውሊያ ሲል በዐረብኛ ቅዱሳን ሰዎች ማለት ነው። በአንድ ደጋ ላይ የሦስት ቋንቋ ስም ተቀምጦ ማየት፥ በዚህ አገር የብዙ ሊቃውንት እግር እንደ ተመላለሰበት ይመሰክራል።

ከነዚህ ሊቃውንት አንደኛው አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ነው። ገዳሙ ጋስጫ በቦረና አገር ይገኛል። እርሱ የተማረው በሐይቅ እስጢፋኖስ ነው፤ በልጅነቱ ትምህርቱ አልገባው ብሎ ለማኅበሩ እህል ሲፈጭ ዓመታት እንዳሳለፈ በታሪኩ ይነገራል። በኋላ ግን በዘመኑ ከነበሩት ሊቃውንት ተወዳዳሪ አልተገኘለትም። ተቃዋሚዎች ተነሥተውበት በዐፄ ዳዊት ዘመን እስከ መታሰር ደርሷል፤ ሊቅ ሊቅን መቅናት የዛሬ ነገር አይደለምና። መጽሐፈ ምሥጢር የተባለውን ታላቅ ድርሰቱን በ1416 ዓ.ም. ፈጸመ። ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ቈይቶ፥ በጣልያን አገር በናፖሊ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ኢትዮጵያዊው ሊቅ ያዕቆብ በየነ ያንን መጽሐፍ ከጣልያንኛ ትርጓሜ ጋር አሰናድተው፥ በፈረንጆች ቍጥር በ1990 እና በ1993 በቤልጅግ አገር አሳተሙት። እህል ይፈጭ የነበረው ልጅ በአውሮጳ ለዩኒቨርሲቲ መምህራን የምርምር ሥራ ሰጣቸው ማለት ነው።

ሁለተኛው ሰው አባ ጎርጎርዮስ ነው። አገሩ በጥንቱ የአምሐራ ግዛት፥ ዛሬ ወሎ በምንለው ክፍል፥ መካነ ሥላሴ ነበር። በስደት ሮማ ደርሶ በዚያ ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት ጋር ሲኖር፥ ኢዮብ ሉዶልፍ የተባለ ጀርመናዊ ወጣት በፈረንጆች ቍጥር በ1649 አገኘውና ግዕዝን እንዲያስተምረው ለመነው። በ1652 ደግሞ የጎታ መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ አገሩ አስጠራውና፥ ሉዶልፍ ስለ ኢትዮጵያ ቋንቋና ታሪክ፥ ስለ ሥርዓቷም ጠየቀው። ሉዶልፍም ከዚያ ትምህርት ተነሥቶ የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፥ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፥ በ1698 የአማርኛ ሰዋስው አሳተመ። ዛሬ በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የኢትዮጵያ ጥናት የሚባለው ትምህርት አባቱ ሉዶልፍ ነው ይባላል። የሉዶልፍ መምህር ግን የዚህ አገር ሰው ነበር። እርሱም ወደ አገሩ ለመመለስ ሲጓዝ በ1658 በባሕር ሰጥሞ ቀረ።

አሁን ወደ ማሻ እንለፍ። ማሻ የመቅደላ ወረዳ ከተማ ናት፤ የዐፄ ቴዎድሮስ አምባም በዚሁ አገር ነው። ስለ መቅደላ ሲነገር ሰው ሁሉ የሚያስበው መድፉንና ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የሆነውን የንጉሡን ሞት ነው። ነገር ግን መቅደላ የመጻሕፍት አምባም ነበረች። ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ከየአድባራቱ ያሰባሰቧቸው የብራና መጻሕፍት ወደ አንድ ሺህ ይደርሱ እንደ ነበር ይነገራል። አንድ አምባ ላይ ይህን ያህል መጽሐፍ ማኖር ለዚያ ዘመን ታላቅ ነገር ነው።

እንግሊዞች አምባውን ከያዙ በኋላ የተዘረፈው ዕቃ በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ተወሰደ፤ በዚያም ለሁለት ቀን በጨረታ ተሸጠ። ከሠራዊቱ ጋር የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምስ አብሮ መጥቶ ነበርና ለቤቱ ገዛ። ወደ 350 የሚሆኑ መጻሕፍትም ሎንዶን ገቡ። በፈረንጆች ቍጥር በ1877 ዊልያም ራይት የተባለው የካምብሪጅ መምህር እነዚያን መጻሕፍት አንድ በአንድ ቈጥሮና ጠባያቸውን ጽፎ ትልቅ ዝርዝር አወጣ። ከዚያ ወዲህ ግዕዝን ሊመረምር የፈለገ አውሮጳዊ ሁሉ ወደ ሎንዶን መሄድ ግድ ሆነበት፤ መጻሕፍቱም ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ክብረ ነገሥት አንዱ ቅጂ ብቻ በዐፄ ዮሐንስ ጥያቄ በ1872 በፈረንጅ ቍጥር ተመልሷል። አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ልብ ማለት ይገባል። መጽሐፉ በሄደበት መርማሪው ይሄዳል፤ መርማሪው በሄደበትም ክብሩ ይሄዳል።

ይህ ሲባል አገሩ ከመጽሐፍ ጋር ዕውቀትንም አጣ ማለት አይደለም። ከመቅደላ ቆሞ በሽሎን ማዶ የተመለከተ ሰው የዋድላን አገር ያስባል። ዋድላ፥ ጎንጅና ዋሸራ የቅኔ ቤቶች ስም ነው፤ በመካከላቸውም የኖረው ፉክክር የታወቀ ነው። አንዱ መንገዱ የሰላ ነው ሲል፥ ሌላው ምሥጢሩ የጠለቀ ነው ይላል። ነገር ግን አኩፋዳውን አንግቶ ከአገር አገር የሚዞረው የቆሎ ተማሪ የቤቱን ግንብ አይቶ አያውቅም፤ የሚጠይቀው «መምህሩ ማን ናቸው? ከማንስ ተማሩ?» ብሎ ነው። መምህሩ ወደ ሌላ ደብር ቢሄዱ ተማሪው ጎጆውን ትቶ ይከተላቸዋል።

በወሎ የእስልምና ትምህርትም ሥርዓቱ እንዲሁ ነው። ደረሳው ሸሁ ወዳሉበት ይሄዳል። ጃማ ንጉሥ፥ ገታና ዳና ስማቸው የገነነው ባስተማሩባቸው ሸሆች ነው። የጃማ ንጉሡ ሸህ ሙሐመድ ሻፊ፥ የገታው ሐጂ ቡሽራ ስማቸው እስከ ዛሬ ይጠራል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ሊቅ ሑሴን አሕመድም ይህን ታሪክ መርምረው በ2001 በፈረንጅ ቍጥር በውጭ አገር ባሳተሙት መጽሐፍ፥ የወሎን ሸሆች የዓለም መርማሪዎች እንዲያውቋቸው አድርገዋል።

ምናልባት ይህ የድሮ ትምህርት ቤት ነገር ነው የሚል ይኖራል። የአሜሪካንን ዩኒቨርሲቲዎች ብንመለከት ግን ነገሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። በዚያ አገር ምርምርን ዋና ሥራው ያደረገ ዩኒቨርሲቲ በ1876 በባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ በሚል ስም ተከፈተ፤ ሌሎቹም በቅናት ተከተሉት። በ1889 በዉስተር ከተማ የተከፈተው ክላርክ ዩኒቨርሲቲ በጥቂት ዓመት የታላላቅ ሊቃውንት ቤት ሆኖ ነበር። በ1892 ግን የአዲሱ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አስተዳዳሪ ዊልያም ሃርፐር መጥቶ፥ የተሻለ ደመወዝ እየሰጠ ብዙዎቹን መምህራን ወሰዳቸው። የክላርክ ግንብ እንደ ነበረ ነው፤ ክብሩ ግን ከመምህራኑ ጋር በባቡር ተሳፍሮ ሄደ። የኛ የቅኔ ተማሪ ይህን ቢሰማ አይደነቅም ነበር።

ሌላም ምሳሌ አለ። በሚኒሶታ አገር ኮሌጅቪል በተባለ ቦታ መነኮሳት ያቋቋሙት ሴንት ጆንስ የተባለ ዩኒቨርሲቲ አለ። ከሐርቫርድና ከዬል ጋር ስሙን የሚያስተካክልለት የለም። ነገር ግን በፈረንጆች ቍጥር በ1973 ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንና ከቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በፊልም ማንሣት ጀመረ። መጽሐፉ ከቦታው ሳይነቃነቅ ሥዕሉ ብቻ ተነሣ፤ አንዱ የፊልም ቅጂም በአዲስ አበባ ቀረ። ቍጥራቸው ወደ 9,000 ደረሰ፤ በሐይቅ ያለው የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌልም በዚያ መዝገብ ቍጥሩ 1832 ነው። ይህንን መዝገብ ሲያዘጋጁ ዕድሜያቸውን የፈጁት የሸንኮራው ተወላጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1988 የማካርተር ሽልማት ተሰጣቸው፤ በ2021 ዐረፉ። በእርሳቸውና በመዝገቡ ምክንያት፥ ግዕዝን በሚመለከት ከትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ ሊቃውንት ወደዚያ ትንሽ ቦታ ይጽፉና ይሄዱ ነበር።

ዛሬ የዩኒቨርሲቲዎችን ደረጃ በቍጥር የሚያወጡ ብዙ ናቸው። በአሜሪካ አንድ ሳምንታዊ መጽሔት በ1983 ጀመረው፤ በ2003 ደግሞ በቻይና የሻንጋይ መምህራን የዓለሙን ሁሉ በተራ አስቀመጡ። በሻንጋዩ ሚዛን ከመቶው 30 እጅ የሚሰጠው የኖቤልና የመሳሰለው ሽልማት ላገኙ መምህራንና ተማሪዎች ነው፤ ከቀረውም የሚበዛው በታተመ ጽሑፍ ይለካል። ሐርቫርድም ከመጀመሪያው ዓመት አንሥቶ አንደኛ ሆኖ ቈይቷል። ይህ ሚዛን ውሸት ነው አንልም። ነገር ግን የደጋውን ገብስ ከዋግ ያዳነ ወይም በጋስጫ ያለውን ብራና ከምስጥ ያስጣለ መምህር በዚያ ሚዛን ክብደቱ እምብዛም አይታይም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ በዚሁ ደጋ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ተቋቁሟል። ቤቶቹ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ናቸው፤ በ2010 ዓ.ም. ገደማ ተማሪ መቀበል ከጀመሩት አዲሶች አንዱ ነው። በ2013 ዓ.ም. ገደማ መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን በሥራቸው ሲከፍል፥ እንደ አዲስ አበባ፥ ጎንደርና ባሕር ዳር ያሉት ስምንቱ የምርምር ተባሉ። ከዚህም የተነሣ ልጁ በምደባ ወደ አዲሶቹ የደረሰው ወላጅ፥ ጎረቤት ሲጠይቀው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይመልሳል። ልጁም ይህን ሰምቶ ገና ሳይሄድ ተሸንፎ ይሄዳል። እኛ ከሁሉ የሚያሳዝን ብለን የምናየው ይህንን ነው።

አዲስ ቤት ድካም የለበትም አንልም። መጻሕፍቱ ጥቂት፥ መምህራኑም ወጣቶች ሊሆኑ ይችላሉ፤ መልካም መምህርም ከተማ ሲጠራው ትቶ ሊሄድ ይችላል። ነገር ግን በዚህ አገር ለመርማሪ የቀረበው ሥራ ሎንዶንም ሐርቫርድም የላቸውም። የደንቆሮ ጫካ፥ የዓባይ ሸለቆ፥ የየገዳሙ ብራና፥ የየሐሪማው የዐረብኛና የአጀሚ ጽሑፍ በደጁ ነው። ይህን ቈጥሮ የመዘገበ ቤት፥ ራይት በሎንዶን እንዳደረገው ሁሉ፥ ሌላውን ወደ ራሱ ይጠራል። መምህሩን በደመወዝም በክብርም አጽንቶ ያላኖረ ግን የክላርክ ዕጣ ይደርስበታል።

ስለዚህ ወላጆች ልጃቸው ወዴት እንደ ተመደበ ሲሰሙ ከማዘን በፊት ሦስት ነገር እንዲጠይቁ እንመክራለን። አንደኛ፥ በዚያ የሚያስተምረው ማን ነው? ሁለተኛ፥ በዚያ ከሌላ ስፍራ ይልቅ ሊማሩት የሚቻል ነገር ምንድር ነው? ሦስተኛ፥ ልጃችን ያንን ፈልጎ ለመማር ትጋት አለውን? የሦስተኛው መልስ በደረጃ ሠንጠረዥ አይገኝም፤ በቤት ውስጥ ይገኛል።

አንድ ነገር እንጨምር። በወሎ ደጋ ብዙ ቤት ከአያት የወረደ ዳዊት ወይም ኪታብ በሣጥን አለ። የብራና መጽሐፍ ዛሬም በውጭ አገር ለጨረታ ይቀርባል፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቍጥር 209 ግን ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። እንግዳ መጥቶ ገንዘብ ቢያሳያችሁ አትሽጡት። ከጭስና ከእርጥበት ጠብቁት፤ በአጠገባችሁ ካለው ትምህርት ቤትም ማንበብ የሚችል መምህር ጠርታችሁ ስሙንና ቍጥሩን አስጽፉ፤ መጽሐፉ ግን ከቤታችሁ አይውጣ። ምናልባት ያንን መዝገብ የሚጽፈው፥ መቅደላ አምባ ደረሰው ተብሎ የታዘነለት የጎረቤታችሁ ልጅ ይሆናል።