ጓጉንቸር ከማንጠልጠል በፊት

እንደ ጢቾ ባለ ከተማ መንገድ ዳር አንድ ሱቅ ላላት ጡረተኛ ነርስ ኪራዩ የወር ቀለብ ነው። ተከራዬ የሦስት ወር ኪራይ ሲያሳድርብኝ ጎረቤቶቼ «ሲስተር፣ ጓጉንቸር ይደርቡበት!» አሉኝ።

እኔ ግን እሺ አላልኩም። ሱቁ የእኔ ቢሆንም ውሉ እስካለ ድረስ በእጁ የያዘው ተከራዩ ነው። በጉልበት ከተዘጋበት ባለዕዳው ከሳሽ ይሆናል፤ ውስጥ ያለ ሸቀጥ ቢበላሽ ወይም ጠፋ ቢባል ጣጣው የአከራዩ ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መንገዱን አስቀምጦታል። ኪራይ ላዘገየ ተከራይ የመክፈያ ጊዜ ይሰጠዋል፤ በዚያ ካልከፈለ ውሉ እንደሚፈርስም ይነገረዋል። ውሉ የአንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ጊዜው ከ30 ቀን፣ ካነሰ ደግሞ ከ15 ቀን ማጠር የለበትም። ከዚያም አልለቅም ካለ ጉዳዩ የፍርድ ቤት ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ስለ መኖሪያ ቤት ነው፤ ሱቅን አይመለከትም።

ማስጠንቀቂያውን በሁለት ቅጂ ጽፌ አንዱን ሰጠሁት፣ በሌላው ላይ አስፈርሜ አስቀረሁ። ቀኑ ሳያልቅ የሁለቱን ወር ይዞ መጣ። «ሲስተር፣ ገንዘቤ ገበሬው ጋ በዱቤ ነው ያለው፤ ገብሱ ይወቃና» አለኝ። ለቀረው በሽማግሌ ፊት ቀን ቆርጠን ተፈራረምን፤ ከውቂያ በኋላ ከፈለ።

አከራዮች ሆይ፣ ውላችሁን በጽሑፍ አድርጉ፤ ለእያንዳንዱ ክፍያ ደረሰኝ ስጡ። አንድ ወር ሲያልፍ መጠየቅ ጭካኔ አይደለም። ዕዳ ሲከመር ለሚከፍለውም ይከብዳል።