ከሳሕን አጣቢነት እስከ ሲኒማ

አንባቢ ሆይ፤ የሲኒማ ተዋናይ የሕይወት ታሪክ ሲባል ብዙዎቻችን የምንጠብቀው የድግሱን፥ የአውቶሞቢሉንና የፍቅሩን ወሬ ነው። ሲድኒ ፖይቲዬ በ2000 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ያሳተመው መጽሐፍ ግን እኔን የነካኝ በመምህርነቴ ነው።

ፖይቲዬ በ1927 ማያሚ ተወለደ። ወላጆቹ በባሃማስ፥ ካት በተባለችው ደሴት ቲማቲም የሚያመርቱ ድኾች ገበሬዎች ነበሩ። በዐሥራ ስድስት ዓመቱ ኒው ዮርክ ሲገባ ሥራው ሳሕን ማጠብ ሆነ፤ ማንበብም በቅጡ አይችልም ነበር። አንድ ቀን አንድ የጥቁሮች ቴአትር ቤት ተዋንያን እንደሚፈልግ ጋዜጣ ላይ አይቶ ሄደ። የተሰጠውን ጽሑፍ እየተንተባተበ ሲያነብ የሰማው ሰው፥ የሰው ጊዜ ከሚያባክን ሳሕን ቢያጥብ እንደሚሻለው ነግሮ አስወጣው። ፖይቲዬን ያንገበገበው ስድቡ ብቻ አይደለም፤ ሥራውን ሳይነግረው ሰውዬው «ልኩ ይህ ነው» ብሎ መፍረዱ ነው።

ከዚያ በኋላ ራዲዮ ገዝቶ የተናጋሪዎቹን አነጋገር እየደጋገመ አጠና። በሚሠራበት ምግብ ቤትም አንድ ሽማግሌ አይሁዳዊ አስተናጋጅ፥ ሥራ ሲያበቃ ማታ ማታ አጠገቡ እየተቀመጠ ጋዜጣ ያስነብበው ጀመር። በ1964 ፖይቲዬ በዋና ተዋናይነት የኦስካርን ሽልማት ሲቀበል ከጥቁር ወንዶች የመጀመሪያው ሆነ። ያን ሽማግሌ ግን ሊያመሰግነው እየተመኘ ሳያገኘው ቀረ።

ከዝናው በፊትም ክብሩን ዐውቆ ነበር። ልጁ ስትገደልበት ዝም የሚል አባት ሆኖ እንዲጫወት ሲጠየቅ፥ የገዛ አባቱ እንዲህ ያለ ሰው አለመሆኑን አስቦ እምቢ አለ። ሚስቱ ልትወልድ ተቃርባ ስለ ነበር፥ ለሐኪም ቤቱ ሒሳብ የቤት ዕቃውን አስይዞ 75 ዶላር ተበደረ።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን ታሪክ ሲሰሙ «ሰው ያደረገው ስድቡ ነው» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ስድቡ እልኽ ሰጠው፤ እልኽ ብቻውን ግን ፊደል አያስቈጥርም። ፊደሉን ያስያዘው፥ ደክሞት ሳለ ወደ ቤቱ ከመሄድ ይልቅ ወንበር ስቦ የተቀመጠው ሽማግሌ ነው።

አንተ ተማሪ፥ ጓደኛህ ሲያነብ ቢንተባተብ ከሚሥቁት ወገን ነህን? አንተስ የቢሮ ጸሓፊ፥ ማመልከቻውን ማንበብ የማይችል ባላገር በመስኮትህ ሲቆም ምን ትለዋለህ? በር የሚዘጋ ሰው አይታጣም፤ ወንበር የሚስብ ግን ጥቂት ነው። ከጥቂቶቹ እንሁን።