ሌት ተቀን

ከስደት አገር ለእናቶቻችን ስንደውል ቃላችን አንድ ነው፤ «ሌት ተቀን እያጠናን ነው» እንላለን።

ፊሊፕ ባብኮክና ሚንዲ ማርክስ የተባሉ የኢኮኖሚክስ ሊቃውንት እንዳጠኑት፣ በአሜሪካ የሙሉ ጊዜ የኮሌጅ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1961 ለክፍልና ለጥናት በሳምንት 40 ሰዓት ያህል ያውል ነበር፤ በ2003 ግን 27 ገደማ ሆነ። ይህን ባነበብን ጊዜ በቅምጥሎቹ ልጆች ሳቅን። ሆኖም ቁጥሩ ተማሪዎቹ ራሳቸው ከተናገሩት የተሰበሰበ ነው። የእኛስ ቃል ምን ያህል ይታመናል ብለን፣ ለአንድ ሳምንት ውሏችንን በየግማሽ ሰዓቱ በደብተር መዘገብን።

ድምሩ አሳፈረን፤ በአፋችን ከገመትነው ግማሹን እንኳ አልሞላም። የሌሊቱ ሥራ፣ የአውቶቡሱ ጥበቃ፣ የአገር ቤቱ ወሬ ሰዓቱን በልተውታል። መጽሐፍ ገልጠን ልባችን አገር ቤት ያደረበትን ሌሊት ግን የት እንደምንጽፈው ጨነቀን። ጥናት እንዳንለው አንዲት ገጽ አልተገለጠችም፤ ዕረፍት እንዳንለው ዐይናችን አልተከደነም። በመጨረሻ ለብቻው ረድፍ አበጀንለት፤ «ናፍቆት» ብለንም ሰየምነው።

ወገኖቻችን ሆይ፣ እናንተም አንድ ሳምንት መዝግቡ። ያልተለካ ሰዓት ራስን ለማታለል ይመቻል። እኛ ስለ ደብተሩ ለእናቶቻችን አልነገርናቸውም፤ «ሌት ተቀን» ማለቱን ግን ትተናል።