ራስሽን አስተዋውቂ

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ገላን የሚደርስ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ግርግር ነው። ከአቃቂ በኩል የሚመጣው ሚኒባስ ያራግፋል፣ የፋብሪካ ሰርቪስ ይጭናል። በየፋብሪካው በር ላይ ደግሞ ክላሰር በብብታቸው የያዙ ወጣቶች ቆመው ማስታወቂያ ያነባሉ። ክላሰሩ ውስጥ ያለው ይታወቃል፦ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ የኮሌጅ ሰርተፊኬት፣ የመታወቂያ ኮፒ።

ከእነዚህ ወጣቶች አንዷ ለስቶር ሠራተኛነት ተመዝግባ ለቃለ መጠይቅ ተጠራች። አካውንቲንግ ተምራለች። ገቢና ወጪ መመዝገብ፣ ቢን ካርድ መሙላት ታውቃለች። ከጠረጴዛው ጀርባ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ሁለቱ የአገር ሰዎች ናቸው፤ አንዱ የውጭ ዜጋ ነው። ከአገሩ ሰዎች አንዱ ቀና አለና «ቴል ሚ አባውት ዩርሰልፍ» አላት።

ዝም አለች። ጥያቄው ሲደገምላት ከአፏ የወጣው «ፋይን ታንክ ዩ» ነበር። አንዱ ሳቀ። «እናሳውቅሻለን» ተባለች። ይህ ቃል በአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ ሥራ የፈለገ ሁሉ ያውቀዋል።

ስትወጣ የበሩ ጥበቃ፣ ጠና ያሉ ሰው፣ ፊቷን አይተው ጠሯት።

«ምን አሉሽ ልጄ?»

«ራስሽን አስተዋውቂ አሉኝ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ማን እንደሆንሽ ጠፋሽ?»

«ኧረ አልጠፋኝም። በእንግሊዝኛ ነው የጠፋኝ።»

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ይህች ልጅ እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ተምራለች። እስከ 8ኛ ክፍል ሌላውን ሁሉ በአፋን ኦሮሞ ተማረች፤ ከ9ኛ ጀምሮ ባዮሎጂውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ሆነባት። ያኔ ሕጉ የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነበር፦ አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃና ከዚያ በላይ በእንግሊዝኛ። 12 ዓመት ሙሉ ከእንግሊዝኛ ጋር የኖረች ልጅ ስሟን መናገር እንዴት ያቅታታል?

መልሱ ሰነፍ ስለሆነች አይደለም። የተማረችው ዜማ ስለሆነ ነው። ሁላችንም እናውቀዋለን። መምህሩ ሲገባ 70 ልጅ ይነሳል፣ «ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር» ይላል፣ «ሀው አር ዩ» ሲባል «ፋይን ታንክ ዩ» ብሎ ይቀመጣል። «ዋት ኢዝ ዩር ኔም» ከተባለ «ማይ ኔም ኢዝ» ይላል። ጥያቄው ልብሱን ቀይሮ «ስለ ራስሽ ንገሪን» ብሎ ከመጣ ግን ዜማው ይቋረጣል። ልጅቷ መልሱን ታውቅ ነበር፤ ያላወቀችው ጥያቄው የእሱ መሆኑን ነው።

ሰዋስዉም እንደዚያው ነው። አማርኛም አፋን ኦሮሞም ግስን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣሉ። «ተማሪ ነኝ» ስንል «እኔ» ባይኖርም ይገባል፤ «ነኝ» ውስጥ ተናጋሪው አለ። እንግሊዝኛ ግን «አይ» ካላልክ አረፍተ ነገር አይሆንልህም። ስለዚህ ጀማሪው «አይ አም» የሚለውን እንደ አንድ ቃል፣ እንደ «እኔ» አድርጎ ይይዘዋል። ከዚያ «አይ አም ሊቭ ኢን ገላን» ይላል። ይህ ስህተት የድንቁርና ሳይሆን የሎጂክ ነው። «አም» ማለት «ነኝ» መሆኑን፣ «እኖራለሁ» ለማለት ደግሞ «ነኝ» እንደማያስፈልግ በአፍ መፍቻ ቋንቋው አንድ ጊዜ ያስረዳው ሰው ቢኖር በ10 ደቂቃ ይታረም ነበር።

ስምም አለ። የውጭ ሰው «ፋሚሊ ኔም» ብሎ ሲጠይቅ የኛ ሰው የአባቱን ስም ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ በአባቱ ስም ሲጠራ ይኖራል። ሰዓትም አለ። «ኤይት ኦክሎክ» ማለት ጠዋት ሁለት ሰዓት መሆኑን ያልተነገረው ሰው ቀጠሮው ካለፈ ከስድስት ሰዓት በኋላ ከሰዓት በስምንት ይደርሳል። ራስን ማስተዋወቅ ቀላል ትምህርት የሚመስለን እነዚህን ነገሮች ስለማንቆጥራቸው ነው።

የቋንቋው ጉዳይ የዛሬ አይደለም። ከጣሊያን ወረራ በፊት በዘመናዊ ትምህርት ቤቶቻችን ጎልቶ የነበረው ፈረንሳይኛ ነበር። ከ1933 በኋላ፣ ከእንግሊዞች መምጣት ጋር፣ ቦታውን እንግሊዝኛ ወሰደ። በ1955 መጀመሪያ የአሜሪካ ሰላም ጓድ መምህራን በመቶዎች ሆነው ገቡ። ያኔ ሁለተኛ ደረጃ የሚደርሰው ተማሪ በጣም ጥቂት ነበር፤ ከተናጋሪው አፍ ቃሉን ይሰማ ነበር። ዛሬ ተማሪው በሚሊዮን ይቆጠራል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፕላዝማ መጣ። በሳተላይት የሚያስተምረው ሰው ይናገራል እንጂ አይሰማም፤ «አልገባኝም» ቢሉት አይቆምም።

የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ብቻ ነበር። ምክንያቱ ቋንቋ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ግን ፈተናው በእንግሊዝኛ መሆኑን፣ ጥያቄውን አንብቦ መረዳት ራሱ ፈተና መሆኑን መካድም አይቻልም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ጥፋቱን በትምህርት ቤት ላይ ብቻ መደፍደፍ ቀላል ነው። የእኛስ? «ብሮክን» ብሎ የሚስቀው ማነው? በኢትዮጵያ ውስጥ በተሰበረ እንግሊዝኛ የሚስቀው ፈረንጅ አይደለም፤ ሐበሻ ነው። የዚያን ቀን ከጠረጴዛው ጀርባ የሳቀውም የአገሯ ሰው ነበር። የውጭ ዜጋው የራሱም እንግሊዝኛ በልምምድ የመጣ ስለሆነ ዝም ብሎ ይጠብቃት ነበር። ጎረቤት ዱከም፣ ኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን ውስጥ፣ ቻይናዊና ኢትዮጵያዊ የሁለቱም ባልሆነ ቋንቋ፣ በጣትና በጥቂት ቃል ሲሠሩ ዓመታት አልፈዋል። እዚያ ቋንቋ መግባቢያ ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ ግን ወንፊት እናደርገዋለን፤ የስቶር ሠራተኛ ሳይሆን ተናጋሪ እናጣራበታለን።

ልጅቷ ተስፋ አልቆረጠችም። ጎረቤቷ ያለ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አምስት አረፍተ ነገር ጻፈላት፦ ስሟ፣ የምትኖርበት፣ የተማረችው፣ መሥራት የምትችለው፣ ሥራውን ለምን እንደፈለገች። እያንዳንዱን ቃል በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ አስረዳት። ጥያቄውን ደግሞ በአምስት ዓይነት መልክ እየቀያየረ ጠየቃት። እንጀራ ስትጋግር፣ ውሃ ስትቀዳ ለራሷ መለሰች።

ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ድርጅት ጠራት። «አይ አም ሊቭ» አለችና ቆመች። «አይ ሊቭ ኢን ገላን» ብላ አርማ ቀጠለች። ተቀጠረች።

ሥራው ላይ ከጫኞቹ ጋር በአፋን ኦሮሞ፣ ከሾፌሮቹ ጋር በአማርኛ ትነጋገራለች። እንግሊዝኛ የምታገኘው ካርዱ ላይ፣ በዕቃ ስምና በቁጥር ነው። ከተቀጠረች ጀምሮ ራስሽን አስተዋውቂ ያላት ሰው የለም።