የጅግጅጋ 125,876፦ የቆጠራ ቁጥር በሒሳብ ዓይን

በሌሎች ክልሎች ግንቦት 1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በሶማሌና በአፋር ክልሎች የተከናወነው ኅዳር 2000 ዓ.ም. ሲሆን፣ የጅግጅጋ ከተማ ነዋሪ 125,876 ሆኖ ተመዘገበ። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ ስላልተካሄደ ቁጥሩ ዛሬም በየሰነዱ ይጠቀሳል፤ ይሁንና ከነዋሪዎቹ ተነጥሎ እንደ ሙሉ ቁጥር ሲታይ የራሱ ጠባይ አለው፤ ጠባዩም ቢጠና የሚያስደስት ነው።

ቁጥሩ ተጋማሽ በመሆኑ ለ2 ይካፈላል፤ ግማሹ 62,938ም እንደገና ተጋምሶ 31,469 ላይ ይቆማል። 31,469 ብቸኛ ቁጥር፣ ማለትም ከ1 እና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ የሌለው ቁጥር ነው፤ ይህን ለማረጋገጥ ከ178 በታች ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ይበቃል፤ ምክንያቱም 178 በራሱ ሲባዛ 31,684 ሆኖ ከቁጥሩ ይበልጣል። ስለዚህ የከተማው ሕዝብ ከካራማራ ተራራ በስተምሥራቅ በተዘረጋው ሜዳ እኩል ረድፍ ሠርቶ ይቁም ቢባል፣ ከ2 ወይም ከ4 እጅግ ረጃጅም ሰልፎች የተሻለ አደራደር አይገኝም።

ሕዝቡ በሁለት ካሬ ሰልፎች እንዲቆም ከተፈቀደ ግን ነገሩ ይለወጣል። አንድ ቁጥር በራሱ ሲባዛ የሚገኘው ውጤት ዳግም ርቢ ይባላል፤ የ326 ዳግም ርቢ 106,276፣ የ140 ደግሞ 19,600 ሲሆን፣ ድምራቸው በትክክል 125,876 ነው። ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ በ1640 እ.ኤ.አ. እንደገለጸው፣ በኋላም ሌዎንሃርድ ኦይለር እንዳረጋገጠው፣ ለ4 ሲካፈል 1 የሚተርፈው ማንኛውም ብቸኛ ቁጥር የሁለት ዳግም ርቢዎች ድምር ይሆናል፤ 31,469ም የ163 እና የ70 ዳግም ርቢዎች ድምር በመሆኑ ጠባዩን ለአራት እጥፉ አውርሶታል።

በቆጠራው ሌሊት አንድ ሕፃን ተወልዶ ቢመዘገብ ኖሮ ይህ ሁሉ ይጠፋ ነበር፤ 125,877 ለ3 አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚካፈል ወደ ሁለት ዳግም ርቢዎች አይከፈልም። በእርግጥ ይህ ጠባይ ቆጠራው ማንንም አለመዝለሉን አይመሰክርም፤ ያን የሚመሰክረው የቆጣሪው ትጋት ብቻ ነው።

ለጅግጅጋም ሆነ ለድንበር ከተማዋ ቶጎ ውጫሌ የሒሳብ መምህራን ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አይገኝም፤ የሶማሌ ክልል የሕዝብ ድምር 4,445,219 ደግሞ ለተማሪዎች ጥሩ ፈተና ነው። ዳግም ርቢ ለ4 ሲካፈል የሚተርፈው 0 ወይም 1 ብቻ ስለሆነ፣ 3 የሚተርፈው ይህ ቁጥር በሁለት ዳግም ርቢዎች አይሞላም፤ ሦስት ሲፈቀዱ ግን የ2,107፣ የ71 እና የ27 ዳግም ርቢዎች ተደምረው አንድም ሳይጎድል ይሞሉታል።