ሳይቃጠል በቅጠል



ወባ ሲይዘን ክሊኒክ ሄደን የተሰጠንን ኪኒን እንውጣለን እንጂ ከየት እንደመጣ አንጠይቅም። እኔን ግን ሳይንስ ሳስተምር ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የዚሁ መድኃኒት ታሪክ ስለሆነ ዛሬ ላጫውታችሁ።

«ኪኒን» የምንለው ቃል ራሱ ኩዊኒን ከተባለው የወባ መድኃኒት ስም የመጣ ነው። ኩዊኒን የሚገኘው በደቡብ አሜሪካ ከሚበቅለው የሲንኮና ዛፍ ቅርፊት ሲሆን፣ ሁለት የፈረንሳይ ሊቃውንት ለይተው ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1820 ነው።

ሌላው ታሪክ የቻይና ነው። ቱ ዩዩ የተባሉ ተመራማሪ ከ1,600 ዓመት ገደማ በፊት በተጻፈ የሕክምና መጽሐፍ ውስጥ የእኛ አሪቲና ጭቁኝ ዘመድ ስለሆነ ቅጠል አነበቡ። መጽሐፉ ቅጠሉ በውሃ ተዘፍዝፎ እንዲጨመቅ እንጂ እንዲፈላ አያዝም። እሳቸውም «ሙቀት ያበላሸው ይሆን?» ብለው በኤተር፣ ብዙ ሙቀት ሳይጠቀሙ ጨመቁት። በ1972 አርቴሚሲኒን ተገኘ፤ በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ከዚያም ኬሚስቶች «ከዚህ ሞለኪውል ወባን የሚገድለው የትኛው ክፍል ነው?» ብለው ጠየቁ። መልሱ እርስ በርስ የተያያዙ ሁለት የኦክስጅን አተሞች ሆነው ተገኙ። የወባ ተውሳክ ደማችንን ሲበላ ብረት ይለቀቃል። ብረቱ የኦክስጅኖቹን ማያያዣ ሲሰብረው ሞለኪውሉ ተውሳኩን ያጠፋዋል። ሊቃውንቱ ይህን ማያያዣ ይዘው ቀሪውን በራሳቸው ንድፍ ሠሩት። ቅጠል የማያስፈልገው አርቴሮሌን የተባለው መድኃኒት እንዲህ ተፈጥሮ በ2012 በሕንድ አገር ለገበያ ቀረበ። ክሊኒክ የሚሰጠን ኮአርተም ውስጥ ያለው አርቴሜተርም ከቅጠሉ የወጣው አርቴሚሲኒን በጥቂቱ ተለውጦ የተሠራ ነው።

ወላጆች ሆይ፣ «ቅጠሉ መድኃኒት ከሆነ አፍልተን ብንጠጣውስ?» ትሉ ይሆናል። በሻይ ውስጥ ያለው መጠን አይታወቅም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም አይመክረውም። ጥቂት መድኃኒት ተውሳኩን ሳይገድል ያለማምደዋል። በኤርትራ፣ በኡጋንዳ፣ በሩዋንዳና በታንዛኒያ አርቴሚሲኒንን በከፊል የሚቋቋም ወባ ታይቷል። ስለዚህ ልጃችሁ ትኩሳቱ ቢበርድለትም የሦስቱን ቀን ኪኒን፣ ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ ወይም ከወተት ጋር ጨርሱለት። የተረፈውን ለጎረቤት ማካፈል ደግነት አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።

እናንተ ተማሪዎች ደግሞ እናቶቻችሁ የሚያውቋቸውን ዕፅዋት ስም ጠይቃችሁ ጻፉ፤ ኬሚስትሪንም በርትታችሁ ተማሩ። ቱ ዩዩም የጀመሩት የቀድሞ ሰዎች ጽፈው ያቆዩትን በማንበብ ነበር።